ማጽዳት፣ የታመመውን መቀየር ወይስ ሁሉንም ማደስ? የቆየ አምፕሊፋየር ለሚጠግን ጀማሪ

አክስቴ ከሜሪላንድ ሲመጡ፣ ልብስ ይወጣል ብለን ከጠበቅነው ሻንጣ በሁለት ፎጣ የተጠቀለለ የጃፓን ሪሲቨር፣ ማለትም ሬዲዮ ያለው አምፕሊፋየር፣ ወጣ። ፊቱ ብርማ፣ ጎኑ እንጨት፣ የጣቢያ መፈለጊያው መስታወት ሰማያዊ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ነው። እርሳቸው ቡናቸውን ሳይጨርሱ የአጎቴ ልጅ የሶኬቱን ጠፍጣፋ እግሮች በማስተካከያ ግድግዳው ላይ ሰካቸው። አንድ ጊዜ "ጥም" አለ። ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የተቃጠለ አቧራ ሽታ። ከኋላው "120 ቮልት" ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ማንም አላነበበውም።

ፊውዙ ቀድሞ ተበጠሰና ትራንስፎርመሩ ተረፈ። ጥገና ያስጀመረኝ ያ ሪሲቨር ነው። ከዚያ ወዲህ አራት አምፕሊፋየሮች ከፍቻለሁ፤ ሦስቱ ዛሬም ይጫወታሉ፣ አንዱን ግን በገዛ እጄ ገድዬዋለሁ። የሞተው ከሦስቱ ይልቅ ብዙ ስላስተማረኝ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ የትኛው ምርት እንደሚሻል ነው። እኔ አማራጮችን የምመዝነው በሌላ ሚዛን ነው፦ ያደረግሁትን መመለስ እችላለሁ ወይ? አቧራ መጥረግ ምንም አያበላሽም። የተነቀለ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) በጥንቃቄ ከሆነ ይመለሳል። ከቦርዱ ላይ የተላጠ የመዳብ መስመር ግን አይመለስም። ከታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ሚዛን የተለካ ነው።

መጀመሪያ የመብራቱ ጉዳይ

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሲሆን፣ ጃፓን ለራሷ ገበያ የሠራቻቸው ዕቃዎች ደግሞ 100 ቮልት ይፈልጋሉ። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ የመጣ ዕቃ በአብዛኛው ያለ ቮልት ማውረጃ ይሠራል፤ ቢሆንም ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ማንንም አይጎዳም። ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር የያዘ ሰው ሦስት መንገድ አለው።

አንደኛው ዕድለኞች ብቻ የሚያገኙት ነው። ለውጭ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ሞዴሎች ከኋላቸው በካቻቢቴ የሚዞር የቮልት መምረጫ አላቸው። ወደ 220 ማዞር፣ አጠገቡ በተጻፈው መሠረት ፊውዙን በአነስተኛ አምፔር መቀየር፣ አለቀ። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ይህ የለውም።

ሁለተኛው ከ220 ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ነው። አምፕሊፋየሩ ከኋላው 150 ዋት ከተጻፈበት፣ ማውረጃው ቢያንስ የዚያን እጥፍ የሚችል ይሁን፤ ገበያ ላይ የሚለጠፈው የዋት ቁጥር ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ትንንሽና ቀላል የመንገደኛ መቀየሪያዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ክብደት የሌለው ማውረጃ በውስጡ የብረት እምብርትና የመዳብ ጥቅል የለውም ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ማውረጃ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል። ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ክዳኑን ከትራንስፎርመሩ በላይ በእጅዎ ይንኩት። ለብ ካለ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ያጥፉት።

ሦስተኛው የውስጡን ትራንስፎርመር አስጠምጥሞ ወደ 220 ማስለወጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተርና ትራንስፎርመር የሚጠመጥሙ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን የሪሲቨር ትራንስፎርመር ለኃይል ክፍሉ፣ ለሬዲዮው፣ ለመብራቶቹ የተለያየ ቮልት የሚሰጡ በርካታ ጥቅሎች አሉት፤ አንዱ ከተሳሳተ መመለሻ የለም። ከሦስቱ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ማውረጃው ወለል ላይ ቦታ ይይዛል፣ ያምራል ማለትም አይቻልም፣ ግን ዕቃውን አይነካውም።

መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን መጫን ልማድ ይሁንብዎ። ሲመለስ በምን ዓይነት ቮልት እንደሚመለስ አይታወቅም።

ከሦስቱ የጥገና መንገዶች ቀላሉ፦ ማጽዳት

ቮልዩሙን ሲያዞሩት ይንጣጣል፤ አንዱ ጎን ይጠፋና ቁልፉን ሲነካኩት ይመለሳል፤ ባሱን ሲያስተካክሉ ስፒከሩ ያስነጥሳል። እነዚህን ምልክቶች ይዞ የመጣ ሰው "ተቃጥሏል" ይባላል። በእኔ ልምድ ግን ከእንዲህ ዓይነቶቹ አብዛኞቹ የቆሸሹ እንጂ የተቃጠሉ አይደሉም። በቮልዩም ውስጥ የካርበን መንገድ አለ፤ በላዩ ላይ ትንሽ የብረት ጣት ትንሸራተታለች። ለ40 ዓመት ስትቆም አቧራና ዝገት በመካከላቸው ይገባል። የመምረጫ ቁልፎቹ ውስጥ ያለው ብርማ ብረትም እንደ አሮጌ ማንኪያ ይጠቁራል።

የሚያስፈልገው ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የመገናኛ ማጽጃ ነው፤ ዲኦክሲት የሚባለው በሰፊው የታወቀ ነው። ሶኬቱን ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ በቮልዩሙ ጀርባ ካለው ክፍተት ለአፍታ ብቻ ይርጩና ከዳር እስከ ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያዙሩት። ጋራዥ ውስጥ የምናውቀው ደብሊውዲ-40 አይተካውም፤ ለብሎን ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን ቅባት ትቶ አቧራ ይሰበስባል። ከወረርሽኙ ጊዜ ቤት የቀረው የእጅ ሳኒታይዘርም እንደዚያው፤ ግሊሰሪን አለበት። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይፈልጉ።

ይህንንም ለፊተኛው ገጽ አይጠቀሙበት። እኔ ብርማውን ፊት በአልኮል ስጠርግ "ባስ" የሚለው ጽሑፍ ከጥጡ ጋር ወጣ። ዛሬም ያ ቁልፍ ስም የለውም፤ እንግዳ ሲጠይቀኝ ሆነ ብዬ ነው እላለሁ። ለብ ባለ ውኃ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት የዕቃ ሳሙና ይበቃል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሪሌው ነው። ብዙ አምፕሊፋየሮች ሲበሩ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ "ጠቅ" ይላሉ፤ ያ ድምፅ ስፒከሩን የሚያገናኘው የመከላከያ ሪሌ ነው። የአክስቴ ሪሲቨር ግራው ጎን በዝቅተኛ ድምፅ ይጠፋ ነበር፤ ከፍ ሲያደርጉት በድንገት ይመጣል። ድምፁን የሚያጎላው ትራንዚስተር ሞቷል ብዬ ደምድሜ ነበር። የሰፈራችን አንድ አዛውንት ራዲዮ ጠጋኝ ግን የሪሌውን ፕላስቲክ ሽፋን በጥፍራቸው ከፈቱ፤ ከደረሰኝ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቀደዱ፤ በአልኮል አራሱትና በሁለቱ መገናኛዎች መካከል አስገቡት። መገናኛዎቹን በቀስታ ተጭነው ወረቀቱን ሳቡ። ጥቁር መስመር ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ወረቀት ግራጫ፣ አራተኛው ነጭ። ግራው ጎን ተመለሰ። "ልጄ፣ ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት አሽትተው፣ ከዚያ እየው፣ ከዚያ ጥረገው" አሉኝ፤ ሒሳብም አልተቀበሉኝም።

ማጽዳት የማይፈታው ምንድን ነው? የማያቋርጥ ዝቅተኛ ጉርምርምታ፣ ሲበራ ወዲያው የሚበጠስ ፊውዝ፣ የሚያቃጥል ሽታ፣ "ጠቅ" ብሎ የማያውቅ ሪሌ። እነዚህ ካሉ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

መለካትና የታመመውን ብቻ መቀየር

እዚህ አደጋው እውነተኛ ነውና ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። በኃይል ክፍሉ ያሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ክዳኑን ከከፈቱ በኋላ በሁለቱ እግሮቻቸው መካከል በቴስተር ይለኩ፤ ከጥቂት ቮልት በላይ ካነበበ ባለ 5 ዋት፣ ከ500 እስከ 1000 ኦም የሆነ ሬዚስተር እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ ይዘው እስኪወርድ ድረስ ያገናኙ። በካቻቢቴ ማገናኘት ብልጭታ ያወጣል፣ ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል። ሁለተኛው፣ ዕቃው በርቶ ሲለኩ አንዱን እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ኤሌክትሪክ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ መንገዱ ልብ ነው።

ከዚያ የአምፖል መሞከሪያ። ሁለት አማራጭ አለ፦ ቮልት ቀስ በቀስ የሚያሳድግ ቫሪያክ የሚባል ውድ ዕቃ፣ ወይም ከአምፕሊፋየሩ ጋር በተከታታይ የተያያዘ አንድ አምፖል። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ስህተትን ራሱ ስለሚይዝ ነው። አንድ ማከፋፈያ፣ አንድ የአምፖል መያዣና የቆየው ዓይነት ባለ ፈትል ባለ 60 ዋት አምፖል ይበቃሉ። ኤልኢዲና ኃይል ቆጣቢ አምፖል አይሠሩም፤ ሥራውን የሚሠራው የሚግለው ፈትል ነው። በ220 ቮልት ባለ 60 ዋት አምፖል ከ0.27 አምፔር ገደማ በላይ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ውስጡ በአጭር የተገናኘ ነገር ቢኖር እንኳ አምፖሉ ይበራል እንጂ ትራንዚስተሩ አይነድም። ማውረጃ የሚጠቀሙ ከሆነ አምፖሉን ከማውረጃው በፊት፣ በ220ው በኩል ያድርጉት።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደርግ መብራቱን አጥፍቼ በጨለማ ነው የተቀመጥኩት። ማብሪያውን ስጫነው አምፖሉ ቤቱን ሞላው። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ፤ ከዚያ እየደከመ ሄዶ ፈትሉ ብቻ ቀይ ሆኖ ቀረ። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ካፓሲተሮቹ ሞሉ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃው ብዙ አልጠየቀም። ሳይደክም እንደ ደመቀ ከቀረ ግን ወዲያው ያጥፉት፤ የሆነ ቦታ አጭር ግንኙነት አለ።

አምፖሉ ከደከመ ስፒከር ሳያያይዙ ቴስተሩን በሚሊቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ላይ አድርገው የስፒከር ማያያዣዎቹን ይለኩ። ሪሌ ካለው "ጠቅ" ካለ በኋላ ይሁን። እስከ 50 ሚሊቮልት ጥሩ ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ምክንያቱን ይፈልጉ። ቮልቶች ካነበቡ ስፒከር ለማያያዝ አያስቡ፤ በአጭር የተገናኘ የውጤት ትራንዚስተር የስፒከርን ጥቅል በሰከንዶች ሊያነድ ይችላል። ቀጥሎ የሚለካው ትራንዚስተሮቹ ሙዚቃ ሳይኖር የሚያሳልፉት ጅረት ነው። በሰርቪስ ማንዋሉ (በጥገና መመሪያው) የተጠቀሰው ሬዚስተር 0.5 ኦም ቢሆንና በላዩ 10 ሚሊቮልት ቢያነቡ 20 ሚሊአምፔር ያልፋል ማለት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ማንዋሉ ይነግርዎታል። ያለ ማንዋል ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ማስተካከያዎች ማዞር በጨለማ መርፌ እንደ መፈለግ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ መርፌው ይወጋል።

ስቴሪዮ ለጀማሪ የሰጠው አንድ ትልቅ ስጦታ አለ። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ጤነኛ ከሆነ ካርታ አለዎት ማለት ነው፦ በጤነኛው ጎን አንድን ነጥብ ይለካሉ፣ በታመመው ጎን ያንኑ ነጥብ ይለካሉ፣ ልዩነቱ የት እንደሚጀምር ይከታተላሉ። እንደ ኤንኤዲ 3020 ያሉት አምፕሊፋየሮች ደግሞ ከኋላቸው ድምፁን የሚያስተካክለውን ፊተኛ ክፍልና ስፒከሩን የሚነዳውን የኃይል ክፍል የሚያገናኙ የብረት ድልድዮች አሏቸው። ዕቃው ጠፍቶ ሳለ ድልድዮቹን ነቅለው ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ በገመድ ያገናኙ። ችግሩ ወደ ሌላው ስፒከር ከተዛወረ ጥፋቱ በፊተኛው ክፍል ነው፤ ካልተዛወረ በኃይሉ ክፍል ነው። አንድም ነገር ሳይበይዱ ግማሹን ዕቃ ከተጠርጣሪነት አወጡት።

ሁሌም በተጠርጣሪ መዝገብ የሚገኙ ክፍሎች አሉ። በዚያ ዘመን የጃፓን ቦርዶች ላይ በብዛት የነበሩት 2ኤስሲ458 እና 2ኤስኤ726 የሚባሉት ትንንሽ ትራንዚስተሮች ሲያረጁ ይንሾካሾካሉ፣ ይንጣጣሉ። ለ2ኤስኤ726 ምትክ ሆኖ የሚገባው ኬኤስኤ992 ነው፤ የማንኛውንም ምትክ የእግሮች ቅደም ተከተል ግን ሳያረጋግጡ አይበይዱ። በአውሮፓ ዕቃዎች መብራት መግቢያ ላይ ደግሞ ሪፋ የሚባሉ፣ ሽፋናቸው ቢጫማና ግልጽ የሆነ የወረቀት ካፓሲተሮች ይገኛሉ። ሽፋናቸው ከተሰነጠቀ እርጥበት ይገባና አንድ ቀን ጭሳቸው ቤቱን ይሞላዋል። እነሱን ሳይለኩ መቀየር ይፈቀዳል።

ሁሉንም ካፓሲተር መቀየር

የሞተው አምፕሊፋየሬ ታሪክ እዚህ ነው። ይሠራ ነበር። ትንሽ ይንሾካሾካል እንጂ ይሠራ ነበር። እኔ ግን ካፓሲተሮቹ አርጅተዋልና ሁሉም ይለወጡ የሚል ምክር ሰምቼ ከስልሳ በላይ አዘዝሁ፤ በሁለት ሌሊት ሁሉንም ነቅዬ ሁሉንም ተከልሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። የብየዳ ካውያዬ በጣም ሞቃት፣ እጄ በጣም ችኩል ነበር፤ ሦስት ቦታ ላይ መዳቡ ከቦርዱ ተላጠ። አንዱን ካፓሲተር አዎንታውን ከአሉታው አዟዙሬ ተከልሁት። አምፖሉን ሳላያይዝ አበራሁ፤ ቸኩዬ ነበራ። የተገለበጠው ፈነዳ፣ ተከትሎም የአንዱ ጎን ትራንዚስተሮች ሄዱ። የባሰው ግን ይህ አይደለም። ስልሳ ነገር በአንድ ጊዜ ስለቀየርሁ ጥፋቱ ከስልሳዎቹ የትኛው ላይ እንደሆነ ማወቅ አልቻልሁም።

ይህ ማለት ግን ሙሉ እድሳት ሞኝነት ነው ማለት አይደለም። የሚደግፉት ሰዎች ሒሳብ አላቸው። በኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ላይ የሚጻፈው ሙቀት ዕድሜውን ይነግራል፤ በልምድ የሚሠራበት ደንብ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል የሚል ነው። 2000 ሰዓት በ85 ዲግሪ የተባለለት ካፓሲተር በ55 ዲግሪ ውስጥ 16,000 ሰዓት ይቆያል፤ በቀን 4 ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው 11 ዓመት ገደማ ነው። 2000 ሰዓት በ105 ዲግሪ የተባለለት ግን በዚያው ሙቀት 64,000 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 44 ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ ሲገዙ የ105 ዲግሪውን ይምረጡ። የ1970ዎቹ ዕቃ ውስጥ ያሉት ግን በአብዛኛው የ85ቶቹ ናቸው፤ ሒሳባቸውን ከጨረሱ ቆይተዋል።

ታዲያ ለምን አላፋጥነውም? ደንቡ ግምት ስለሆነ፣ ከግምቱ አልፈው የሚኖሩም ብዙ ስለሆኑ ነው። አናቱ የተነፋ፣ ሥሩ የረጠበ፣ ከሚሞቅ ሬዚስተር ተጠግቶ የተቀመጠ ካፓሲተር ቅድሚያ ይገባዋል። ሲበራ ጀምሮ የሚያጉረመርም ከሆነ ትልልቆቹን የኃይል ካፓሲተሮች ይጠርጥሩ። የቀረው ይጠብቅ። ሁሉንም ለመቀየር ከወሰኑ እንኳ አንድ ቦርድ፣ ከዚያም የአንዱን ጎን ብቻ ሠርተው በአምፖሉ ይሞክሩ፤ ተሳክቶ ሲጫወት ወደ ሌላው ይሻገሩ። አንዱን ነቅለው ወዲያው በቦታው አንዱን ይትከሉ እንጂ ቦርዱን ባዶ አያድርጉት። ምትኩ ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም በላይ ይሁን። ከመንቀልዎ በፊትም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የአሉታ ምልክቱ በግልጽ በሚታይበት ማዕዘን።

በየትኛው አምፕሊፋየር ይጀመር?

ገና ያልገዛ ሰው ምርጫው ሰፊ ነው። በትራንዚስተር ፋንታ ቫልቭ (የሚግል የመስታወት ቱቦ) ያላቸው ያምራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣውና ከኢኤል34 ቫልቮቹ በየጎኑ 35 ዋት የሚሰጠው የአሜሪካው ዳይናኮ ኤስቲ-70 ውስጡ ባዶ ሜዳ ይመስላል፣ ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል። ሆኖም በውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ዲሲ አለ። የመጀመሪያ ስህተት የሚሠራበት ቦታ አይደለም።

በተቃራኒው ጫፍ የ1970ዎቹ መጨረሻ ግዙፍ ሪሲቨሮች አሉ። የፓዮኒር ኤስኤክስ-1980 በየጎኑ 270 ዋት ነበረው፤ ክብደቱ ብቻውን ሁለት ሰው ይጠይቃል። ጀማሪ የሚሳሳተው ዋት ሲበዛ ዕቃው ይበልጣል ብሎ ነው። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልብ ቢለው ነው። ማስታወቂያ የሚያነጻጽር ሰው ይህንንም ይወቅ፦ በአሜሪካ የዋት ቁጥር እንዴት ተለክቶ እንደሚነገር የሚደነግገው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከዚያ በፊት በማስታወቂያ የሚነገረው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ የተነፋ ነበር።

ሦስተኛው ወገን የሚመስለው ቀላል፣ የሚሆነው ከባድ ነው፦ የኃይል ክፍላቸው በአንድ የታሸገ ጥቁር ጡብ ውስጥ የተቀመጠ፣ ኤስቲኬ የተባሉት። እንደ ፓዮኒር ኤስኤክስ-780 ያሉት ውስጥ ይገኛሉ። ጡቡ ከሞተ መጠገን የለም፣ መተካት ብቻ፤ የሚሸጡት ምትኮች ውስጥ ደግሞ አስመስለው የተሠሩ ሞልተዋል። በሶኒ ቪ-ፌት ትራንዚስተሮች የተሠሩት የ1970ዎቹ አጋማሽ አምፕሊፋየሮችም ከዚህ አይሻሉም፤ ድምፃቸው የሚወደድ ቢሆንም ትራንዚስተሩ ከምርት ከወጣ ዘመናት ሆኖታል።

እኔ የምመክረው ከ20 እስከ 40 ዋት ያለው፣ ሬዲዮ የሌለው፣ ተራ ትራንዚስተሮችን የሚጠቀም አምፕሊፋየር ነው። ኤንኤዲ 3020 ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤሪክ ኤድቫርድሰን የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ፣ በወረቀት በየጎኑ 20 ዋት ብቻ ያለው ነው። መልኩ እንደ ጫማ ሣጥን ቢሆንም በብዛት ስለተሸጠ ማንዋሉ አይጠፋም፣ ክፍሎቹም እንግዳ አይደሉም። የሸክላ ማጫወቻ መግቢያም አለው። ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 በአምሃ ሪከርድስ የታተሙ ሸክላዎች ያሉት ሰው ይህ መግቢያ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም፤ ዘመናዊዎቹ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ የላቸውም።

ራስ ወይስ ባለሙያ፣ አዲስ ወይስ ያገለገለ ክፍል

የትኛውን እርስዎ፣ የትኛውን ጠጋኝ እንደሚሠራው ለመለየት አንድ መስመር አሰምራለሁ፦ ፊውዝ ደጋግሞ የሚበጥስ ወይም ስፒከር ማያያዣው ላይ ቮልቶች ያለው ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዎን አይሥሩት። ጠጋኝ ሲመርጡ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ምን እንደሚለካ ይጠይቁት። ገና ክዳኑ ሳይከፈት "አይሲው ነው" የሚል ካጋጠመዎት አመስግነው ዕቃዎን ይያዙ። የተቀየሩትን አሮጌ ክፍሎች እንዲመልስልዎትም አስቀድመው ይንገሩት፤ ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ለክፍሎች ሁለት ምንጭ አለ። ካፓሲተር ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ ከታወቀ አከፋፋይ፣ ውጭ ያለ ዘመድ በሚልከው ጥቅል ውስጥ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የኃይል ትራንዚስተር ላይ ግን ሐሳቤ ይለያል። 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሐሰተኞች በዓለም ገበያ የተለመዱ ናቸው፤ ጽሑፉ እውነት፣ ውስጡ ውሸት። ምናለሽ ተራ ከተጣለ አምፕሊፋየር የሚነቀል የዘመኑ ትራንዚስተር፣ በቴስተር ከተፈተሸ፣ ስሙ ካልታወቀ ሻጭ ከተገዛ አዲስ ይበልጣል። ቁልፎች፣ የብርጭቆ መስኮቶችና ብሎኖችም ከዚያው ይገኛሉ።

ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙቀቱ የሚስተካከል የብየዳ ካውያ፣ ጥሩ ቴስተር፣ የቀለጠ ሶልደር መምጠጫ። እርሳስ ያለበት ባለ 63/37 ሶልደር በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እርሳስ የሌለው ከዚያ ከ30 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ለአሮጌ ቦርድ ያ ልዩነት ብዙ ነው። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፣ እጅዎንም ታጥበው ይብሉ።

የአክስቴ ሪሲቨር አሁን ሳሎን ውስጥ ከማውረጃው ጋር ተቀምጧል። ግራው ጎን ሙዚቃው ሲቆም፣ ቤቱም ጸጥ ሲል፣ ጆሮ ከስፒከሩ ጋር ከተለጠፈ ትንሽ ይንሾካሾካል። የሚያስፈልገው ትራንዚስተር ከሁለት ወር በፊት ደርሶኛል፤ ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ክዳኑን እስካሁን አልከፈትሁትም።